ሊብሬው ላይ ያለው ጂፕ

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ አጎቴ የአያቴን ጂፕ ለዓመታዊ ምርመራ ይዞት ሄደ። ፍሬኑ አለፈ። መብራቱ አለፈ። ጭሱም፣ የሽማግሌ ጭስ ስለሆነ መሰለኝ፣ ብዙ አላነጋገረም። በመጨረሻ መርማሪው ኮፈኑን አስከፍቶ በስልኩ መብራት የሞተር ቁጥሩን ፈለገ፤ አገኘው፤ ከሊብሬው ጋር አስተያየና ሊብሬውን መለሰለት።

«ፋዘር፣ ይሄ መኪና ይሄ መኪና አይደለም።»

አጎቴ ቦሎ ሳያገኝ ተመለሰ። ተክለ ሃይማኖት ያለው ግቢያችን በር ላይ ጂፑን አቁሞ ሳይወርድ ብዙ ተቀመጠ። እናቴ «ቡና ደርሷል በለው» ብላ ሁለቴ ላከችኝ። በሦስተኛው ስሄድ፣ «ልጅ ሆኜ መንዳት የተማርኩበትን መኪና፣ መኪናህ አይደለም አለኝ እኮ» አለኝ።

መርማሪው ግን አልዋሸም። ሊብሬው ላይ የተጻፈው ጂፕ፣ ሲጄ 5፣ አራት ሲሊንደር፣ ቤንዚን ነው። ኮፈኑ ስር ያለው ደግሞ የቶዮታ ሃይሉክስ የናፍታ ሞተር። የተገጠመው በ1986 ነው፤ እኔ ሳልወለድ። ሞተሩ ሲቀየር ወረቀቱንም አብሮ ማስቀየር እንዳለበት ያኔ ያሰበ አልነበረም። አያቴ ሞቱ፤ ጂፑም ሊብሬውም ለአጎቴ ወረዱ። ለሦስት አሥርት ዓመት ማንም አላያቸውም፣ ወይም አይቶ ዝም ብሏል።

እኔ የመኪና ሰው አይደለሁም። መንጃ ፈቃድም የለኝም። ግን የዚያን ቀን ማታ ስለ ጂፕ ማንበብ ጀመርኩ፤ «ይሄ መኪና» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ፈልጌ።

መጀመሪያ የገባኝ ነገር፣ ጂፕ ገና ሲወለድም ወረቀቱና አካሉ አልተስማሙም። እ.ኤ.አ. በ1940 የአሜሪካ ጦር ቀላል፣ በአራቱም ጎማ የምትጎትት ትንሽ መኪና ፈልጎ ጨረታ አወጣ። ናሙናው በ49 ቀን ይቅረብ አለ። በቀኑ ያደረሰው ባንታም የሚባል፣ ለመክሰር የተቃረበ ትንሽ ፋብሪካ ነው። ጦሩ መኪናዋን ወደዳት፤ ባንታምን ግን አላመነውም፤ ይሄ ፋብሪካ ብዙ ማምረት አይችልም ብሎ ሥራውን ለዊሊስ-ኦቨርላንድና ለፎርድ አሳየባቸው። ዊሊስ 60 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ስለነበረው ዋናውን ውል ወሰደ፤ ፎርድም የዊሊስን ንድፍ ተከትሎ እንዲሠራ ተደረገ። ሁለቱ በጦርነቱ ዘመን ከ600 ሺህ በላይ አመረቱ። ባንታምስ? ተጎታች እየሠራ ጦርነቱ አለቀ። መርካቶ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ታሪክ ያለው ነጋዴ በየተራው አንድ አይጠፋም፤ ዕቃውን ያመጣው እሱ፣ የበላው ጎረቤቱ።

ስሙ እንኳ አባቱ በትክክል አይታወቅም። ፎርድ ይጠቀምበት ከነበረው «ጂ.ፒ.» ከሚል የፊደል ምልክት ነው የሚሉ አሉ። የለም፣ ፖፓይ የሚባለው ካርቱን ውስጥ ከነበረ ጂፕ ከሚሉት ተአምረኛ እንስሳ ነው የሚሉ አሉ። ባለቤቱም እንደ ቀበሌ ቤት ተከራይ ሲቀያየር ኖሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1953 ካይዘር ገዛው፣ በ1970 አሜሪካን ሞተርስ፣ በ1987 ክራይስለር። ከዚያ በኋላ ያለውን ቆይቼ እነግራችኋለሁ፤ ምክንያቱም እዚያ ላይ ነው አጎቴ ከወንበሩ ተነስቶ የሳቀው።

የአሜሪካን የጦር መኪና ወደ ቤተ መንግሥታችን ያመጣው ግን ነጋዴ አልነበረም። የካቲት 6 ቀን 1937 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ግብፅ ውስጥ፣ መራራ ሐይቅ ላይ በቆመች የጦር መርከብ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን አገኟቸው። ሩዝቬልት ያበረከቱላቸው ስጦታ አራት የጦር መኪኖች ነው፤ ለአዛዦች መመላለሻ የተሠሩ፣ ከጂፕ ተለቅ ያሉ። በዚያው ጉዞ ያገኟቸው የሳዑዲው ንጉሥ የደረሳቸው አውሮፕላን ነው። ይሄን ሳነብ ትንሽ ቅር አለኝ። ለአጎቴ ብነግረው፣ «አውሮፕላኑን ማን ሊጠግንላቸው?» ብሎ ዘጋው። እውነቱን ነው፤ አየር መንገዳችን ያኔ ገና አልተመሠረተም።

ከዚያ በኋላ በሮቹ ተከፈቱ። በ1943 የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ከዓለም ባንክ በተገኘ 5 ሚሊዮን ዶላር ብድርና በአሜሪካ መሐንዲሶች ድጋፍ ጣልያን ጥሎት የሄደውን መንገድ መጠገን ተጀመረ። በዚያው ዓመት የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ ዘመተ፤ ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ፣ በአሜሪካ ትጥቅ ተዋጋ። ግንቦት 14 ቀን 1945 ደግሞ ኢትዮጵያና አሜሪካ የመከላከያ ስምምነት ፈረሙ፤ መሣሪያውም መኪናውም በእርዳታ ይመጣ ጀመር። ጂፕ እዚህ ሀገር ሲታወቅ የጦርና የመንገድ ሥራ መኪና ሆኖ ነው። ሰው አስቦበት፣ ቀለም መርጦ የሚገዛው ነገር አልነበረም።

ኮሪያን ካነሳሁ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ጦርነቱ ሲያልቅ ሴኡል ውስጥ ወዳድቆ የቀረውን የጂፕ ዕቃ ሰብስበው፣ የነዳጅ በርሜል ቀጥቅጠው ላሜራ አድርገው፣ እ.ኤ.አ. በ1955 የመጀመሪያዋን የኮሪያ መኪና ሠሩ። ስሟ «ሲባል» ነው። (አዎ፣ ሲባል። እኔም ሁለቴ ነው ያነበብኩት።) እኛም ምናለሽ ተራ ውስጥ በርሜል ስንቀጠቅጥ ዕድሜያችን ነው፤ ምድጃ፣ ባልዲ፣ ሳጥን ይወጣዋል። ከሲባል እስከ ዛሬው ሃዩንዳይ ቀጥታ መስመር የለም፣ አውቃለሁ። ግን ያን ጊዜ እነሱን ለመርዳት የሄዱት የእኛ ልጆች ናቸው፣ የወደቀው ጂፕ አንድ ነው፣ መዶሻውም አንድ ነው። ልዩነቱ ከመዶሻው በኋላ ማን አበደረ፣ ማን ፈቀደ፣ ማን ገዛ የሚለው ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። እጅ አላነሰንም።

አያቴ በርበሬ ነጋዴ ነበሩ። በ1964 አንድ የመንገድ ተቋራጭ አሮጌ ንብረቱን በጨረታ ሲሸጥ ጂፑን አነሱት። ያኔ ማረቆና አላባ ድረስ ወርደው ነው በርበሬ የሚገዙት። ጭነቱን የሚያነሳው የፊያት ኤንትሬ ነበር፤ ጂፑ ቀድሞ የሚሄደው ዋጋ ለመቁረጥ ነው። «ቀድሞ የደረሰ ነው የሚያተርፈው፤ ዝናብ ሲጥል ደግሞ የሚደርሰው ጂፕ ብቻ ነው» ይሉ ነበር ይላል አጎቴ። የመጀመሪያው ሞተር ሃሪኬን የሚሉት ነው፤ 2.2 ሊትር፣ ቤንዚን ጠጪ፣ ግን እልኸኛ። ጭቃ ውስጥ ሲገባ እንደ በሬ ያቃስታል እንጂ አይቆምም።

ከዚያ 1967 መጣ። መስከረም 2 ቀን ንጉሡን ከቤተ መንግሥት ያወጧቸው በቮልስዋገን መሆኑን ሁላችሁም ሰምታችኋል። የአያቴ ጂፕ ችግር የጀመረው ግን ከዚያ በኋላ፣ በቀይ ሽብር ጊዜ ነው። ጂፑ ሲገዛ ጀምሮ የወታደር አረንጓዴ ነበር። ሰዓት እላፊ ሳይደርስባቸው እየተጣደፉ ማታ ወደ ሰፈር ሲገቡ፣ ያ የሞተር ድምፅ ሲሰማ በየቤቱ መብራት ይጠፋል። ያን ጊዜ በጨለማ በራፍ ላይ የሚቆም መኪና ልጅ ሊወስድ ነው የሚመጣው። አንድ ቀን የጎረቤታችን ሴትዮ መንገድ ላይ አስቁመዋቸው፣ «ወንድሜ፣ አንተ በመጣህ ቁጥር እኔ ልጆቼን አልጋ ስር እከታለሁ» አሏቸው። አያቴ በማግስቱ ጂፑን ጋራዥ አስገብተው ሰማያዊ አስቀቡት። ጥሩሩምባም አስገጠሙለት፤ መታጠፊያው ላይ ሁለቴ ይነፋሉ፣ እኔ ነኝ ለማለት። አጎቴ እስከ ዛሬ ድረስ መታጠፊያው ላይ ሁለቴ ይነፋል። ለምን እንደሆነ የገባኝ አምና ነው።

በሚያዝያ 1969 ደርግ የአሜሪካኖቹን የጦር አማካሪዎች ቢሮና ቃኘው ጣቢያን አዘጋ። ጦሩ ወደ ሶቪየት ዞረ፤ ዋዝ መጣ፣ ላዳ መጣ። የጂፕ ዕቃ ግን አልመጣም። አያቴ ከዚያ በኋላ 17 ዓመት በዚያው ሞተር ነድተዋል። እንዴት? ሶማሌ ተራ።

ከተክለ ሃይማኖት በእግር ትሄዳላችሁ። ዛሬ የቻይናና የዱባይ ካርቶን የተደረደረበት የመለዋወጫ መንደር ነው፤ «ኦሪጅናል ነው ፈርስት ኮፒ?» የሚለው ጥያቄ ከሰላምታ ይቀድማል። ያኔ ግን ዕቃ አይገዛም፤ ዕቃ ይፈለጋል፣ ካልተገኘም ይወለዳል። ፍሪሲዮኑ ሲያልቅ የሌላ መኪና ተቆርጦ ይለጠፍለታል። ባሌስትራው ሲሰበር ከጭነት መኪና ባሌስትራ ይቀጠቀጥለታል። የካምቢዮ ጥርስ ሲረግፍ ቶርኖ ቤት ይወስዱታል።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ካምቢዮ፣ ቶርኖ፣ ካንዴላ፣ ካቻቢቴ፣ ጎሚስታ፣ ኮፈን፣ ላሜራ። የአሜሪካ መኪና በጣልያንኛ ነው የሚጠገነው። ታርጋ ጣልያንኛ ነው፣ ቦሎ ጣልያንኛ ነው፣ አጎቴን ያስለቀሰው ሊብሬም ጣልያንኛ ነው። መርካቶ ራሱ፣ ወራሪው ገበያውን ከአራዳ አንስቶ ወደ ምዕራብ ሲገፋ የሰጠው ስም ነው። ኧረ «መኪና» ራሱ! አምስት ዓመት ገዝተው የሄዱ ሰዎች የብረት ቋንቋችንን በሙሉ ጥለውልን ሄዱ። አሜሪካኖቹ ደግሞ ያን ሁሉ ዓመት ከኛ ጋር ቆይተው፣ መኪናውን ሰጥተው፣ ጋራዥ ውስጥ ጥቂት ቃል ነው የተዉልን። እንደሚመስለኝ ምክንያቱ ቀላል ነው። ቃል የሚተክለው መኪናውን የሰጠ አይደለም፤ አጠገብህ ተንበርክኮ የጠገነው ነው። መጀመሪያ ጋራዥ የከፈቱት ጣልያኖች ከ1933 በኋላም ብዙዎቹ እዚሁ ቀርተዋል፤ የኛ ልጆች መፍቻ አቀባይ ሆነው የገቡት እነሱ ዘንድ ነው።

አሁን ያቆየሁትን ልንገራችሁ። ክራይስለር እ.ኤ.አ. በ2009 ከስሮ ሲነሳ የደገፈው ፊያት ነው፤ በ2014 ሙሉ በሙሉ ጠቀለለው። ጂፕ የፊያት ሆነ። በዚያው ዓመት ሬኔጌድ የሚባለውን ጂፕ ደቡብ ጣልያን፣ ሜልፊ ከተማ መገጣጠም ጀመሩ። ይሄን ስነግረው ነው አጎቴ ተነስቶ የሳቀው። «ሶማሌ ተራ እኮ ድሮ ነው ያወቀው!» አለ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሚያገኘው መካኒክ ሁሉ ይሄንኑ ሲያወራ ከረመ።

ወደ 1986 ልመለስ። ሃሪኬኑ ሞተር በመጨረሻ ፋሻውም ሲሊንደሩም አለቀ፤ ከቤንዚን ይልቅ ዘይት ይጠጣ ጀመር። ሽማግሌው መካኒካቸው (አያቴ ካለሳቸው ለማንም ኮፈን አያስከፍቱም ነበር) ነገሩን አዩትና፣ «እሱን ልቅሶ ተቀመጥለት፤ እኔ ሌላ ልብ እፈልግልሃለሁ» አሏቸው። ከዱባይ የመጣ ያገለገለ የቶዮታ ናፍታ ሞተር ተገዛ። የጂፑ ካምቢዮና የቶዮታው ሞተር እንዲገጥሙ መሀል ላይ የሚገባ ወፍራም ብረት ቶርኖ ቤት ተቆረጠ። ሦስት ሳምንት ፈጀ። ሲነሳ ድምፁ ተለውጧል፤ አያቴ ለአንድ ወር ያህል «የሰው መኪና የምነዳ ይመስለኛል» ይሉ ነበር አሉ።

የሰው ግን አይደለም፤ የልጅ ልጅ ነው። በኮሪያ ጦርነት ጊዜ ጃፓን ውስጥ ጂፕ መሰል መኪና ተፈልጎ ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1951 አንድ ሠራ፤ ስሙንም «ቶዮታ ጂፕ» አለው። ጂፕ የሚለው ስም የዊሊስ ስለሆነ አልተቻለም፤ በ1954 ላንድክሩዘር ተባለ። የእንግሊዙ ላንድሮቨር የመጀመሪያ ሙከራም የተሠራው በጂፕ ሻንሲ ላይ ነው። ሶቪየቶችም በጦርነቱ ወደ 50 ሺህ የሚጠጋ ጂፕ ከአሜሪካ ተቀብለው በዚያ መንገድ የራሳቸውን እየሠሩ ነው ዋዝ ድረስ የዘለቁት። ስለዚህ ሽማግሌው የቶዮታን ሞተር ጂፕ ውስጥ ሲያስገቡ የልጅ ልጁን ልብ ለአያቱ ነው የሰጡት። ለመርማሪው ይሄን ማስረዳት ይቻላል? አይቻልም። ፎርሙ ላይ ቦታ የለውም።

የአክስቴ ልጅ ቨርጂኒያ ነው ያለው። ራንግለር በወር ክፍያ ገዝቷል። እዚያ ጂፕ ያለው ሰው ጂፕ ያለውን መንገድ ላይ ሲያይ እጁን ያነሳል፤ የቆመ ጂፕ ካገኙ ደግሞ የፕላስቲክ ዳክዬ ያስቀምጡበታል። ምቀኝነት የለም፣ ፍቅር ብቻ። ለአጎቴ ቢጫ ዳክዬ በሰው ላከለት። አጎቴ ዳሽቦርዱ ላይ አስቀምጦት የሰፈር ልጆች «ጋሼ፣ ዳክዬው ምንድነው?» ሲሉት «ማኅበር ገብቼ ነው» ይላል። ይሄው የአክስቴ ልጅ ጂፑን ልግዛው ብሎ ሲያስብ ቆይቶ አንድ ቀን በቪዲዮ ደወለ። ካሜራውን ኮፈኑ ስር አስገባሁለት። ዝም አለ። ከዚያ፣ «ኦሪጅናል አይደለም እንዴ?» አለ።

እዚያ ያለው ጥገና መተካት ነው። ከ1945 ሞዴል ጀምሮ ላለው ጂፕ አዲስ የተመረተ ዕቃ ታዝዞ በር ላይ ይደርሳል። «ኦሪጅናል» ማለት እዚያ ፋብሪካው እንዳወጣው ማለት ነው። የኛ ግን መንገዱ እንዳደረገው ነው። የአክስቴን ልጅ አልቀየምኩትም። ግን ያ ጂፕ የእናቱን አባት ከነእንባቸው ከጊዮን ማዶ እስከ አላባ ያመላለሰ ነው፤ እሱ በስልክ ሆኖ ሲያየው የማይገጥም ዕቃ ታየው።

እዚህ ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለ። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ ሕግ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በጥር 2016 በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከውጭ ማስገባት መከልከሉ ተነገረ። በ2017 ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር አለፈ። በዚህ ሁሉ መሀል የሚነዳ አሮጌ መኪና ወርቅ ነው፣ ቦሎ ካለው። ቦሎ ከሌለው ደላላው ፊቱን አጥፎ «በኪሎ ነው የምንነጋገረው» ይላል። አክስቶቼ በኪሎም ቢሆን ይሸጥ ይላሉ፤ የውርስ ድርሻ አላቸውና መብታቸው ነው። ሰፈሩ ይነሳል የሚል ወሬም አለ። አሜሪካን ግቢ እንዴት እንደተነሳ አይተናል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ከደረሰን ጂፑን የት እናቆመዋለን?

አጎቴ ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው የሞተር ለውጡን ሕጋዊ ማስደረግ፤ ለዚያ በ1986 የተገዛበት ደረሰኝና የጉምሩክ ወረቀት ያስፈልጋል። ሻጩም የለም፣ ወረቀቱም የለም። ሁለተኛው ሊብሬው የሚለውን ሞተር መልሶ ማስገባት ነው።

ግቢያችን ውስጥ፣ ከማዕድ ቤቱ ኋላ፣ አንድ ከባድ ብረት አለ። እናቴ ልብስ ስታሰጣ ትቆምበታለች፤ እኔ ልጅ ሆኜ ፈረስ ብዬ ተቀምጬበታለሁ፤ በበዓል በግ ይታሰርበታል። ሐምሌ ላይ አጎቴ በናፍታና በሽቦ ብሩሽ ሁለት ቀን ፈተገው። የውሃ ፓምፑ የሚቀመጥበት ጠርዝ ላይ፣ ከዝገቱ ስር፣ የተመታ ቁጥር ወጣ። ሊብሬውን አመጣሁ። አንድ በአንድ አነበብኩለት፣ እሱ በጣቱ እየነካ ተከተለኝ። ገጠመ።

ብረቱን በጋሪ ጭነን ቶርኖ ቤት ወሰድነው። ቶርኖው ላይ ያለው ልጅ ከእኔ ብዙ አይበልጥም፤ መሥራቱን የተማረው ግን እዚያው ቤት ከነበሩት ከሽማግሌው መካኒክ ጓደኛ ነው። ብረቱን ዞሮ ዞሮ አየው፤ በሲሊንደሮቹ ውስጥ መለኪያውን አስገብቶ አራቱንም ለካ። ሁለቱ ላይ ራሱን ነቀነቀ።

«ፋዘር፣ መኪናው እየሄደልህ አይደል? ምን ያደርግልሃል ይሄ?»

«ሊብሬው ይሄን ነው የሚያውቀው» አለው አጎቴ።

ልጁ ትንሽ አሰበ። ውስጡን ከፍተን ቡሽ እናስገባለታለን፣ ፒስተን ደግሞ ከሌላ መኪና የሚቀርበውን እንፈልጋለን፣ ትንሽ እንቆርጠዋለን አለ። ቁጥሩ ያለበትን ጠርዝ እንዳይነካብን አጎቴ ሦስት ጊዜ አስጠነቀቀው። ልጁ ጠመኔ አንስቶ ቁጥሩን ከበበበትና «ማክሰኞ ተመለሱ» አለን።

የትኛው ማክሰኞ እንደሆነ አልጠየቅነውም።